አውራ ጣት

ሀረጎ ጉም ለብሶ ገና ሳይገላለጥ፣
ከበርበሬ ወንዝ ማዶ ሰርቪስ ላይ ስንቀመጥ፣
ሙሂባ ቫዝሊን ታወጣለች ከጉያዋ፤
ጣቷን ታሻለች፣ ታቀብላለች ለጎረቤቷ።
እኔም አሻለሁ።
እጅ ለማሳመር እንዳይመስላችሁ፤
በሩ እንዲያውቀን ነው።

በሩ ላይ ያለችው ትንሿ መስታወት
አረንጓዴ ታበራለች፣ እንደ ድመት ዓይን በሌሊት፤
ጣት ስታገኝ «እናመሰግናለን» ትላለች፣
ካላገኘች ግማሽ ቀን ትበላለች።

ለአርባ አራት ሴት አንድ ቀይ ካርድ አለ፣
ከመስመር ሰባት ጫፍ ምስማር ላይ የዋለ።
ሽንት ቤት የሄደች፣ አንገቷ ላይ አጥልቃ፣
እስክትመለስ ድረስ
የሌላዋ ሆድ ይጠብቃል፤
መርፌው ግን አይጠብቅም።
ውሃ መጠጣት የተውኩት ያኔ ነው።
ማንም «አትጠጪ» አላለኝም፤ ይህን ልብ በሉ።
ውሃው በነጻ ነው፣ የተጣራ፣ ቀዝቃዛ፣
ኩባያው ያብረቀርቃል እንደ ጠዋት ጤዛ።
እኔው ነኝ የተውኩት፣ በገዛ ፈቃዴ፤
ፈቃድ እንዲህ ከሆነ እንግዲህ፣ ዘመዴ።

አራት ዓመት ጂንስ ገፋሁ። ሰማያዊው ብናኝ
ከጥፍሬ ሥር ገባ፣ ከሳሌ ጋር ወጣ፤
የአውራ ጣቴን መስመር ቀስ በቀስ አጠበው፣
ጎርፍ እንደ በላው የቦርከና ዳር ማሳ፣
ድንበሩ የጠፋ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ።

«እንደገና ይሞክሩ» አለች መስታወቷ።
በምራቄ አረጠብኩት፣ በሻሼ አበስኩት።
«እንደገና ይሞክሩ።»
ጋሽ ሸጋው ዘበኛው አንገቱን ደፋ፤
«እኔማ አውቅሻለሁ፣ የፋሪስ ልጅ፤ እናትሽንም አውቃለሁ።
የኔ ማወቅ ግን ፎርም አይሞላም።»

ቀበሌ ሄድኩ።
ጸሐፊው ወሰንየለህ ይባላል፤ ስሙ ነው እንጂ
ወሰንማ አለው፤ መስኮቱ በስድስት ይዘጋል።
«መታወቂያ ለማደስ አሻራ» አለኝ።
ጣቴን አሳየሁት።
አገላበጠው፣ እንደ ሐሰተኛ ብር።
«እንግዲያው ከፋብሪካሽ ደብዳቤ አምጪ፣
አንቺ አንቺ ስለመሆንሽ።»
ፋብሪካው ደግሞ ደብዳቤ ይላል፣ ከቀበሌ።
ሁለት ሳምንት በሁለት ማህተም መሃል
ማንም ሳልሆን ከረምኩ።
ልናገር? አንድ ጠዋት ደስ ብሎኝ ነበር፤
ገበያ መሃል ብርቱካን እየላጥኩ፣
የማንም መስመር፣ የማንም ቁጥር ሳልሆን፣
የቤት ኪራዩ ትዝ እስኪለኝ ድረስ።

(አከራዬ እትዬ ዘውድነሽ መዝገብ አላቸው፤
እህቴ ከቃሉ መጥታ አንድ ሌት ብታድር
ስሟን፣ የመጣችበትን፣ የምትሄድበትን ይጽፋሉ።
«ምን ላርግ ልጄ፣ ታዝዤ እኮ ነው» ይላሉ፤
ደግሞ ትራስ ያመጡላታል።)

በመጨረሻ ከሰው ኃይል ክፍል አንዷ አዘነችልኝ፤
«እስኪጣራ ድረስ ሌባ ጣትሽን እንመዝግብ።»
አረንጓዴ በራ። «እናመሰግናለን።»
አውራዬን የካደ በር ሌባዬን አመነ።
ማታ ስወጣ ደግሞ ቦርሳዬን ከፈተ፣
የምሳ ዕቃዬን፣ የጡቴን መያዣ ሳይቀር ዳበሰ፤
በሌባ አስገብቶኝ፣ ሌባ ነሽ ወይ አለ።

መንግሥት ባጃጁን ያስገባል በሁለት ሰዓት፣
ፋብሪካው እኔን ይለቃል በሁለት ተኩል።
ሁለቱ ሰዓቶች አይተዋወቁም።
ያቺ ግማሽ ሰዓት የማን ናት ታዲያ?
ማንም አልፈረመባትም።
ጨለማ ናት፣ ውሻ አለባት፣ ሰካራም አለባት፤
በቀኝ እጄ ድንጋይ ይዤ ነው የማልፋት።
ግን ቀይ ካርድ የላትም።

ከድልድዩ ወዲህ ያለው ቦኖ ሌሊት ይንጠባጠባል።
ጎንበስ እላለሁ፤
ሆዴ እስኪወጠር፣ ቀኑን ሙሉ ያልጠጣሁትን።
ከዚያ አውራ ጣቴን የቧንቧው አፍ ላይ ስደፍነው
ውሃው ይፈነጥቃል፣ ፊቴን፣ ሻሼን፣ ሙሂባን።
«ኧረ በላ! ነገ ካርዱን ቀድመሽ ልትይዢብኝ!» ትላለች፤
ትስቃለች፤
ድንጋይዋን መሬት አስቀምጣ
እሷም ጎንበስ ትላለች።